የአባት ጠመንጃ፤ ይቆይ ወይስ ይለወጥ?

ከነቀምቴ፣ ከጊምቢ፣ ከነጆ ወይም ከደምቢ ዶሎ ወጥቶ አዲስ አበባ ላይ ሥራ የያዘ ሰው አባቱ ሲያርፉ ለቀብር ይወርዳል። ሐዘኑ ካለፈ በኋላ የውርስ ንብረት ሲቆጠር ከቡናው መሬት፣ ከከብቱና ከቆርቆሮው ቤት ቀጥሎ አንድ ነገር ይጠብቀዋል፤ ቆጥ ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ ጠመንጃ። ሰውየው የባንክ ሠራተኛ፣ መምህር ወይም ሐኪም ነው፤ በዕድሜው አንዲት ጥይት ተኩሶ አያውቅም። ያም ሆኖ ቤተ ዘመዱ ሁሉ ወደ እሱ ይመለከታል። ጥያቄውም በሁለት ምርጫ ብቻ ታጥሮ ይቀርብለታል። አንዱ አጎት «ይቺማ የአባትህ ናት፤ ትቀመጥ እንጂ ልጄ» ይላሉ። ሌላው ደግሞ «ዘመኑ የክላሽ ነው፤ ላይዋ ላይ ትንሽ ጨምርና ለውጣት» ይላሉ።

ሁለቱም አጎቶች አንድ ነገር አስቀድመው እንደ ተፈቀደ ቆጥረዋል። ይኸውም ጠመንጃው እንደ በሬው ወይም እንደ ራዲዮኑ የወራሹ ሆኗል፤ እሱም እንደ ፈቀደው ያስቀምጠዋል ወይም ይለውጠዋል የሚለው ነው። በሕግ ዓይን ሲታይ ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። ከዚህ በታች የቀረበው መሣሪያ ይዞ የማያውቅ፣ ነገር ግን በውርስ ወይም በአጋጣሚ መሣሪያ እጁ የገባ ሰው ከመወሰኑ በፊት ሊያውቀው የሚገባው ነው።

ቆጥ ላይ ያለው ምንድን ነው?

ከሁሉ በፊት ዕቃውን መለየት ያስፈልጋል። ወለጋ ከጠመንጃ ጋር የተዋወቀችው ትናንት አይደለም። በ1874 ዓ.ም የሸዋው ንጉሥ ምኒልክና የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት እምባቦ ላይ ሲዋጉ ሜዳው የዛሬው ሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ነበር። የለቃ ነቀምቴው ገዢ ሞሮዳ በከሬና ልጃቸው ኩምሳ ሞሮዳ በኖሩበት ዘመንም ጠመንጃ የሥልጣን ምልክት ነበር። በሰኔ 1928 ዓ.ም ደግሞ በነቀምቴ አቅራቢያ ቦናያ ላይ ያረፉትን የጣሊያን አውሮፕላኖች አጥቅተው ጄኔራል ማሊዮኮን ከነባልደረቦቹ የገደሉት የጥቁር አንበሳ አርበኞች ናቸው። ስለዚህ አንድ የወለጋ ሽማግሌ «ይህ ጠመንጃ ታሪክ አለው» ሲሉ ተረት እያወሩ ላይሆን ይችላል።

በየቤቱ የሚገኘው መሣሪያ እንደ ድንጋይ ንጣፍ የየዘመኑን ደለል ያሳያል። ከታች ያለው ውጅግራ ነው። ስሙ ፈረንሳዮች በ1874 እ.ኤ.አ ከሠሩት «ፉዚ ግራ» ከተባለው ጠመንጃ የተወሰደ ሲሆን በጥቁር ባሩድ የሚሠራ፣ አንድ ጥይት ጎርሶ አንድ የሚተኩስ ነው። ቀጥሎ ስሙ ከማንሊከር መጣ የሚባለው ምንሽር አለ። ጣሊያኖች በ1933 ዓ.ም ተሸንፈው ሲወጡ በየጫካውና በየምሽጉ የቀረው ባለ 6.5 ሚሊ ሜትር ካርካኖም አለ። ቤልጅግ የሚባለው የቤልጅየም ፋብሪካ የሠራው ማውዘር ሲሆን 7.92 ሚሊ ሜትር ጥይት ይጎርሳል። በ1945 ዓ.ም ከአሜሪካ ጋር የመከላከያ ስምምነት ከተፈረመ ወዲህ ኤም ዋን መጣ። ከ1969 ዓ.ም በኋላ የሶቪየት መሣሪያ ጎረፈ፤ ሲሞኖቭና ክላሽንኮቭ። በ1983 ዓ.ም ደርግ ሲወድቅ የተበተነው ሠራዊት መሣሪያውን ይዞ በየገጠሩ ስለ ገባ ክላሽ የባላገሩ ዕቃ ሆነ።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ታሪክ ለማስተማር አይደለም። በቀደሙትና በኋለኞቹ መካከል ውሳኔውን የሚነካ ልዩነት አለ። ውጅግራ፣ ምንሽርና ቤልጅግ አንዱን ጥይት ከተኮሱ በኋላ ቀጣዩን በእጅ ካላጎረሷቸው አይተኩሱም። ኤም ዋንና ሲሞኖቭ ቃታ በተሳበ ቁጥር ራሳቸው እያጎረሱ ይተኩሳሉ። ክላሽ ደግሞ ቃታውን ይዘው ከቆዩ ሳያቋርጥ ይተፋል። እንግዲህ «ምንሽሯን በክላሽ ለውጥ» የሚለው ምክር አሮጌ ስልክ በአዲስ ስልክ እንደ መለወጥ አይደለም። ከአንድ የመሣሪያ ዓይነት ወደ ፍጹም ሌላ ዓይነት መሸጋገር ነው። ኢትዮጵያ በ2004 እ.ኤ.አ ከሌሎች የምሥራቅ አፍሪካና የታላላቅ ሐይቆች አገሮች ጋር የፈረመችው የናይሮቢ ፕሮቶኮል አባል አገሮች አውቶማቲክና ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ በሲቪል እጅ እንዳይኖር ፈጽመው እንዲከለክሉ የሚያስገድደው ይህን ልዩነት ስለሚያውቅ ነው።

መለወጥ ማለት በሕግ ምን ማለት ነው?

በቀድሞው አሠራር ያለ ፈቃድ መሣሪያ ይዞ የተገኘ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚከሰሰው በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 808 ነበር። ይህ የደንብ መተላለፍ ክፍል ውስጥ ያለ ቀላል ድንጋጌ ነው። ከባዱ ድንጋጌ የተጻፈው ለጦር መሣሪያ ነጋዴው ነበር። በዚህም ምክንያት በየከተማው «ጠመንጃ ብትይዝ ምን ትሆናለህ፤ ተቀጥተህ ትወጣለህ» የሚል አስተሳሰብ ሥር ሰደደ። ይህ አስተሳሰብ ዛሬም በብዙ አጎቶች አእምሮ ውስጥ አለ። ሕጉ ግን ተለውጧል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም ያጸደቀው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መያዝን ራሱን የቻለ ወንጀል አድርጎ ቅጣቱን አክብዶታል። ማስተላለፍና መነገድን ደግሞ በብዙ ዓመታት እስራት የሚያስቀጣ አድርጎታል። አዋጁ መሣሪያ ለመያዝ የሚያስፈልገውን ዕድሜና አንድ ሰው ሊይዝ የሚችለውን ብዛት ይወስናል። መሣሪያ መያዝ ልማድ በሆነባቸው አካባቢዎች የሚኖሩ ሰዎች በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ መሣሪያቸውን ሕጋዊ እንዲያደርጉ በር ከፍቶም ነበር። ያ ጊዜ አልፏል።

አሁን ወደ ሁለተኛው አጎት ምክር እንመለስ። «ላይዋ ላይ ጨምረህ ለውጥ» የሚለው አነጋገር በውስጡ ሁለት ድርጊቶችን ይዟል። አሮጌውን ለሌላ ሰው መስጠት አንድ፤ አዲሱን ከሌላ ሰው መቀበል ሁለት። ፈቃድ የሌለው ወራሽ ይህን ሲያደርግ በአንድ ጀንበር አስተላላፊም ተቀባይም ይሆናል። አሮጌው ፈቃድ አለው ቢባል እንኳ ፈቃዱ የተሰጠው ለሟቹ ነው፤ በላዩ የተጻፈውም የዚያ ጠመንጃ ተራ ቁጥር ነው። የአባቱን የፈቃድ ወረቀት ከአዲስ ክላሽ ጋር ይዞ የሚንቀሳቀስ ሰው ኬላ ላይ ሲደርስ ቁጥሩ አይገጥምለትም። በአምቦ፣ በባኮና በነቀምቴ መንገድ የተጓዘ ሁሉ ፍተሻው ምን እንደሚመስል ያውቃል።

ሕግ የተማርን ሰዎች አንቀጽ መቁጠር እንወዳለን፤ አንባቢ ይታገሠኝና የፍትሐ ብሔሩን ጎን ላንሳ፤ ብዙ ሰው አያስበውምና። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1716 መሠረት ግዴታው ሕገ ወጥ የሆነ ውል አይጸናም። አንድ ሰው ምንሽሩንና በርከት ያለ ገንዘብ ሰጥቶ ክላሽ ቢቀበል፣ በማግስቱም ክላሹ የተበላሸ ሆኖ ቢያገኘው፣ የትኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል? «ጉድለት ያለበት ዕቃ ሸጠኝ» ብሎ አቤቱታ ቢጽፍ የጻፈው በራሱ ላይ የእምነት ቃል ነው። ሻጩም ይህን አሳምሮ ያውቃል። በቡና ወይም በበሬ ገበያ ላይ ደፍሮ የማያጭበረብር ሰው በዚህ ገበያ ላይ ቢያጭበረብር የሚፈራው ነገር የለም።

ከዚህ የከፋም አለ። ቤት ውስጥ አርባ ዓመት የተቀመጠ ምንሽር ታሪኩ ይታወቃል፤ ማን እንደ ገዛው፣ መቼ እንደ ተተኮሰ ቤተሰቡ ይናገራል። አዲስ የመጣ ክላሽ ግን ከየት ነው የመጣው? ከ2011 ዓ.ም ወዲህ በወለጋ ዞኖች በመንግሥት ኃይሎችና ራሱን የኦሮሞ ነፃነት ሠራዊት ብሎ በሚጠራው፣ መንግሥት ግን «ሸኔ» በሚለው ታጣቂ ቡድን መካከል ግጭት ቆይቷል። በታንዛኒያ የተካሄደው ሁለተኛው ዙር የሰላም ንግግርም በኅዳር 2016 ዓ.ም ያለ ስምምነት አብቅቷል። በእንዲህ ያለ አካባቢ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር መሣሪያ ከተገደለ ሚሊሻ ወይም ከተዘረፈ ፖሊስ ጣቢያ የመጣ ሊሆን ይችላል። ሰው የተገደለበትም ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱ ጠመንጃ በተተኮሰው እርሳስና በቀለሁ ላይ የራሱን ጭረት ይተዋል፤ መርማሪም በዚያ ይለየዋል። በዚያን ጊዜ መሣሪያው የተገኘው በባንክ ሠራተኛው ቤት ነው። «ለውጬ ነው» የሚለው መልስ ከመሸሸግ ወንጀል አንቀጽ 682 ክርክር አያድነውም፤ ከዚያ ለሚከብደው ጥርጣሬ ደግሞ ጭራሹን በር ይከፍታል።

በኔ ግምት እንግዲህ መለወጥ የሚለው ምርጫ እዚህ ላይ ይዘጋል። ሕጋዊ ፈቃድ ያለው ሰው እንኳ መሣሪያ መቀየር ቢፈልግ የሚጀምረው ከሻጭ ሳይሆን ከፖሊስ ጽሕፈት ቤት ነው።

ማቆየትስ?

«ትቀመጥ» የሚሉት አጎት ምክር ይበልጥ ለስላሳ ይመስላል። ምንም ስላላደረግን ምንም ያጠፋን አይመስለንም። ነገር ግን ያለ ፈቃድ ማስቀመጥ ራሱ መያዝ ነው። ጠመንጃው ቆጥ ላይ በጨርቅ ተጠቅልሎ ቢሆን፣ ጥይት ባይኖረው፣ ወራሹም አዲስ አበባ ቢኖር ይህ አይለወጥም። እንዲያውም ወራሹ ርቆ ሲኖር ጥያቄው ይከብዳል፤ ቤቱን የሚጠብቁት እናት ወይም ታናሽ ወንድም ናቸውና ፍተሻ ቢመጣ የሚያዙት እነሱ ናቸው።

ለማቆየት የሚፈልግ ሰው በቅድሚያ በራሱ ስም ፈቃድ ማመልከት አለበት። መሣሪያው የሚገኝበትን ወረዳ ወይም ከተማ ፖሊስ ቀርቦ ማነጋገር ግድ ነው፤ ማመልከቻውም በክልሉ የሥራ ቋንቋ በአፋን ኦሮሞ ቢሆን ሥራው ይቀላል። የሟቹን የፈቃድ ወረቀት፣ የሞት ማስረጃና የወራሽነት ማረጋገጫ ይዞ መቅረብ ይጠቅማል። ፈቃድ ማግኘት መብት አይደለም፤ ቢሮው ሊከለክል ይችላል። በተለይ ጸጥታው በሚናወጥበት ወቅት «አይሆንም» የሚለው መልስ ሊያስደንቅ አይገባም።

ፈቃዱ ተገኘ እንበል። ያን ጊዜ ዕቃው ራሱ ይመረመራል። የነቀምቴ አካባቢ ዝናብ የታወቀ ነው፤ በዓመት 2,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወርዳል። በዚህ እርጥበት ውስጥ አሥርና ሃያ ክረምት ያለ ዘይት የከረመ አፈሙዝ ከውጭ ሲያዩት ቢያብረቀርቅም ውስጡ ተበልቶ ሊሆን ይችላል። በዱሮ ዘመን የተሠሩ ብዙ ጥይቶች ደግሞ ሲተኮሱ በአፈሙዙ ውስጥ ጨው መሰል ዝቃጭ ይተዋሉ። ይህ ጨው እርጥበት ይስባል፤ ሳይታጠብ ካደረ ዝገቱ በቀናት ውስጥ ይጀምራል። አባት ለመጨረሻ ጊዜ ተኩሰው በዘይት ጨርቅ ብቻ ጠርገውት ከሆነ ጉዳቱ ያኔውኑ ደርሷል። የእንጨቱ ሰደፍ መሰንጠቁን፣ መቀርቀሪያው መላላቱን ዓይን ያያል። የጎሬው መበላትን ግን የሚያውቀው ባለሙያ ነው። ባለሙያ ያላየውን አሮጌ ጠመንጃ ለመሞከር ብሎ መተኮስ ፊትን ለፍንዳታ መስጠት ነው። እንዲህ ያለ ሙከራ በሠርግና በለቅሶ ላይ ሲደረግ ደግሞ ጎረቤትም ይጨመርበታል።

ጥይቱ ሌላ ጣጣ ነው። «7.62 ነው» የሚለው ቃል ብዙ ሰው አሳስቷል። የኤም ዋን ጥይት 7.62 ይባላል፤ የክላሽም 7.62 ይባላል፤ የምዕራቡ የኔቶ ጠመንጃዎችም እንዲሁ። ስፋቱ ቢቀራረብም የቀለሁ ርዝመት 63፣ 39 እና 51 ሚሊ ሜትር ነው። አንዱ በሌላው አይተካም። የቤልጅጉ 7.92 እና የካርካኖው 6.5 ደግሞ በገበያ ላይ ቢገኙ እንኳ ዕድሜያቸው ከባለቤቱ ሊበልጥ ይችላል። ያረጀ ጥይት ቃታው ከተሳበ በኋላ ዝም ብሎ ቆይቶ ሊፈነዳ ይችላል። «ከሸፈ» ብሎ ወዲያው መቀርቀሪያውን የሚከፍት ጀማሪ የሚጎዳው በዚህ ነው።

እስካሁን ያልነው ስለ ዕቃው ነው። ዋናው ግን ቤቱ ነው። በገጠሩ ወለጋ ጠመንጃ የሚያዘው ለጌጥ ብቻ አይደለም። በቆሎ ሲያሸት ዝንጀሮና ከርከሮ እርሻውን ያጠፋሉ፤ ገበሬው ሌሊት ማማ ላይ ያድራል። ይህ እውነተኛ ችግር ነው፤ ከከተማ ሆኖ «መሣሪያ አያስፈልግም» ማለት ቀላል መሆኑን እቀበላለሁ። (አውሬ መግደልም ቢሆን ፈቃድ ይጠይቃል፤ የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541/1999ን ይመለከቷል።) የከተማው ወራሽ ግን በቆሎ አይጠብቅም። እሱ ጋ ያለው ልጆች፣ የቤት ሠራተኛና እንግዳ የሚገባበት ቤት ነው። በቸልተኝነት ሰው መግደል በአንቀጽ 543 ያስቀጣል፤ አካል ማጉደል በአንቀጽ 559። ልጁ አንስቶ የጎረቤት ልጅ ቢያቆስል አባት በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2124 ለአካለ መጠን ባልደረሰ ልጁ ተጠያቂ ነው። ጥይትና ጠመንጃ ለየብቻ ተቆልፎባቸው መቀመጥ አለባቸው የሚባለው ከዚህ የተነሣ ነው። ትራስ ሥር ማስቀመጥና ቁም ሣጥን ላይ ማስቀመጥ በሕፃን ፊት ልዩነት የለውም፤ ወንበር አለ።

«ራሴንና ቤተሰቤን ልከላከልበት» የሚለው ምክንያት ግን በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በወለጋ ሰላማዊ ሰዎች ላይ የደረሰውን ግድያ የሚያውቅ ሰው ይህን ጥያቄ ሊስቅበት አይችልም። ሕጉም በአንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን ይፈቅዳል፤ መጠኑን ማለፍን ደግሞ በአንቀጽ 79 ያያል። የኔ ጥርጣሬ ግን በተግባሩ ላይ ነው። አምስት ጥይት ያለው ምንሽር በቡድን የመጣን ታጣቂ አያቆምም። አንድ ቤት ጠመንጃ እንዳለው በሰፈሩ ከታወቀ ደግሞ ጠመንጃውን ፈላጊ ከአንዱም ከሌላውም ወገን ሊመጣ ይችላል። አንደኛው «ለምን ያዝህ?» ይላል፤ ሌላኛው «አምጣ» ይላል። ለሁለቱም የሚሰጥ መልስ የለም።

ያልተነገረው ሦስተኛ መንገድ

ሁለቱ አጎቶች ያላነሱት ምርጫ ማስረከብ ነው። ብዙ ሰው ይህን እንደ ውርደት ያየዋል፤ የአባትን ጠመንጃ ለመንግሥት ሰጠ መባልን ይፈራል። ስሜቱ ይገባኛል። ነገር ግን ማስረከብ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም።

ጠመንጃው ውጅግራ ወይም ሌላ የአድዋና የአርበኞች ዘመን ዕቃ ከሆነ የቅርስ ጥያቄ ይነሣል። ለቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 በግለሰብ እጅ ያለ ቅርስም እንዲመዘገብ ይፈልጋል። ነቀምቴ የራሷ የወለጋ ሙዚየም አላት፤ የኩምሳ ሞሮዳ ቤተ መንግሥትም እዚያው ነው። ከፖሊስ ጋር በመነጋገር እንዳይተኩስ ተደርጎ፣ የአባት ስምና ታሪክ ተጽፎበት ሙዚየም ውስጥ የሚቀመጥበትን መንገድ መጠየቅ ይቻላል። ሙዚየሙ ሁሉንም ይቀበላል ማለት አይደለም። ቢሆንም ከጨርቅ ጥቅልል ውስጥ ሆኖ ከሚዝግ ይልቅ ይህ ለሟቹ የተሻለ መታሰቢያ ይመስለኛል። ውጭ አገር የሚኖር ወንድም ወይም እኅት «እኔ ልውሰደውና ሳሎኔ ውስጥ ልስቀለው» ካለ ግን መልሱ አጭር ነው። ቦሌ ላይ የጦር መሣሪያ ሕጉም የቅርስ ሕጉም በአንድ ሻንጣ ውስጥ ይገናኛሉ።

ታሪክ የሌለውን፣ በተለይም ክላሽን፣ የሚያስረክብ ሰው አካሄዱን ሊያስብበት ይገባል። ዋናው ስሕተት ጠመንጃውን ተሸክሞ ወደ ጣቢያ መጓዝ ነው። መንገድ ላይ የተያዘ ሰው «ላስረክብ እየሄድኩ ነበር» ቢል የሚያምነው ላይኖር ይችላል። ይልቅ ቀድሞ በአካል ወይም በጽሑፍ ማሳወቅ፣ ከቀበሌውና ከአገር ሽማግሌ ሰው መያዝ፣ ፖሊስ ራሱ ቤት ድረስ መጥቶ እንዲረከብ መጠየቅ ይሻላል። በርክክቡ ላይ የመሣሪያው ዓይነት፣ ተራ ቁጥር፣ የጥይቱ ብዛትና ቀኑ የተጻፈበት፣ ማኅተም ያረፈበት ሰነድ ቅጂው ይወሰድ። ይህ ወረቀት ከመሬቱ ካርታ ጋር አብሮ ይቀመጥ። ኃላፊዎች ይቀያየራሉ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ «የአባትህ ጠመንጃ የት ደረሰ?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚመልሰው ሰነዱ ብቻ ነው።

ከርክክቡ በፊት ቤቱን አንድ ጊዜ መፈተሽም አይከፋም። ጠመንጃው ተሰጥቶ ጥይቱ በድሮ ጣሳ ውስጥ፣ በእህል ጎተራ ጥግ ወይም በአባት የክት ካፖርት ኪስ ውስጥ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። የተረሳችው ጥይት የምትገኘው ደግሞ ብዙውን ጊዜ በልጆች ነው፤ እሳት ውስጥ ጥለው ሊሞክሯት።